በዝናብ ወር ከልጆችና ከአያት ጋር ዛንዚባር፦ እንሂድ ወይስ እንቅር?

ጥያቄ፦ «ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ዛንዚባር ለመሄድ አስበናል። ባለቤቴ የሚሠራው ዱባይ ነው፤ ፈቃድ የሚያገኘው በዚያ ሰሞን ብቻ ስለሆነ ቀኑን ማዞር አንችልም። እኔ የ4 እና የ9 ዓመት ልጆቻችንን እንዲሁም የ68 ዓመት እናቴን ይዤ ከአዲስ አበባ እነሳለሁ። እናቴ የደም ግፊት አለባት። ያለን ዘጠኝ ሌሊት ነው። ሁለት ሌሊት ስቶን ታውን፣ ሁለት ኑንግዊ፣ ሁለት ፓጄ፣ ከዚያ በመርከብ ተሻግረን ሦስት ሌሊት ፔምባ ብለን አቅደናል። ሆቴሎቹ በግማሽ ዋጋ ወርደዋል። አንዳንዱ ሰው ዝናቡ እንደ እኛ ክረምት ከሰዓት በኋላ ብቻ ስለሆነ ችግር የለውም ይለኛል። ሌላው ደግሞ በዚያ ወር ባሕር ዳርቻ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው ይላል። ወባውም ኢትዮጵያውያን ስለለመድነው አያሰጋም ተብያለሁ። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦ ሂዱ፤ ግን በዚህ ዕቅድ አይደለም። ይህ ዕቅድ ለነሐሴ ቢሆን ኖሮ ደህና ነበር። ለሚያዝያ ግን አይሆንም። እኔ እስከማውቀው ድረስ በዝናብ ወር የሄደ ቤተሰብ የሚማረረው በባሕሩ አይደለም። የሚማረረው በመንገዱ ነው። እርጥብ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቆ ከሆቴል ሆቴል መዞር፣ መርከብ ይነሳል አይነሳም እያሉ ወደብ ላይ መቆም፣ የደከመ ሕፃን አቅፎ በዶፍ ታክሲ መፈለግ ነው ሰውን የሚያደክመው። ስለዚህ ፔምባንና ፓጄን ከዕቅዱ ያውጧቸው። ምክንያቱን ላስረዳ።

ዛንዚባር በዓመት ሁለት ጊዜ ትዘንባለች። ትልቁ ዝናብ ማሲካ ይባላል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይቆያል። ትንሹ ቩሊ ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይመጣል። ማሲካን የሚያመጣው ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱ ነፋሶች የሚገናኙበት የዝናብ ቀበቶ ነው። ይህ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲጓዝ በሚያዝያ የታንዛኒያን ጠረፍ ያርሳል። ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ በሰኔና በሐምሌ የእኛን ክረምት ይዞ ይመጣል። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ጭቃ ስትሆን ዛንዚባር ደረቅ የምትሆነው። የእኛ ልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ከዓመቱ ምርጥ ወራት ውስጥ ናቸው። ዋጋው ግን ይወደዳል። በጥርና በየካቲት መግቢያ፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሰሞንም ደረቅ ነው፤ ሙቀቱ ግን ይበረታል። እርስዎ ቀኑን ማዞር እንደማይችሉ ነግረውኛል። ይህን የምጽፈው ማዞር ለሚችል ሌላ አንባቢ ነው፤ እሱ ያለማመንታት ያዙረው።

«ከሰዓት በኋላ ብቻ ይዘንባል» ያለዎት ሰው ተሳስቷል። የማሲካ ዝናብ ሰዓት አይጠብቅም። ሌሊት ጀምሮ እስከ ረፋድ ሊወርድ ይችላል። ቀኑን ሙሉ የሚዘንብበት ጊዜ አለ፤ ሁለትና ሦስት ቀን ጭራሽ የማይዘንብበትም አለ። በፈረንጆቹ ኤፕሪል ብቻ የሚጥለው ከ300 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ከአዲስ አበባ የነሐሴ ዝናብ በላይ ነው ማለት ነው። «ገንዘብ መጣል ነው» ያለዎትም ተሳስቷል። ዝናቡ ብርድ አያመጣም። ቀን ቀን 30 ዲግሪ ገደማ ነው። ባሕሩም ሞቅ ያለ ስለሆነ ልጆች ካፊያ እየወረደባቸው ሲዋኙ ደስታቸው አይቀንስም። ለልጆቹ ሹራብና ወፍራም ጃኬት አይሸከሙ። የሚያስፈልገው ቶሎ የሚደርቅ ስስ ልብስ ነው፤ በዚያ እርጥበት ጂንስ ሱሪ አንዴ ከራሰ ለቀናት አይደርቅም።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ከውሃ ይውጣ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይመለስ። ደመናው ፀሐይን ይከልላል ብለውም የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን አይተዉ። ልጆች ደመና በሆነ ቀንም ክፉኛ ይቃጠላሉ፤ ማንም ስለማይጠነቀቅ።

አሁን ወደ ፔምባ። ብዙ ሰው ባሕር ላይ የሚያስፈራው ዝናብ ይመስለዋል። የሚያስፈራው ነፋስ ነው፤ ከነፋሱም በላይ ከልክ በላይ የጫነ መርከብ። ከኡንጉጃ፣ ማለትም ከዋናዋ የዛንዚባር ደሴት፣ ወደ ፔምባ ይጓዝ የነበረው ስፓይስ አይላንደር የተባለ መርከብ የሰጠመው በመስከረም 10 ቀን 2011 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከአቅሙ በላይ ሰው አሳፍሮ ነበር፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በዓመቱ ሐምሌ 18 ቀን 2012 ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር ይመጣ የነበረው ስካጊት በኃይለኛ ነፋስ ተገልብጦ ሰጠመ። ሁለቱም አደጋ የደረሰው በደረቁ ወቅት ነው። ስለዚህ «ሰማዩ ጠርቷል፣ እንሳፈር» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በሚያዝያ ደግሞ ነፋሱ አቅጣጫ የሚቀይርበት ጊዜ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ የቆየው ካስካዚ ይበርድና ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ኩሲ ይነሳል። ያን ጊዜ ባሕሩ ጠዋትና ማታ አንድ ላይሆን ይችላል።

አውሎ ነፋስስ? ዛንዚባር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የሕንድ ውቅያኖስ ትላልቅ አውሎ ነፋሶች ብዙ ጊዜ አይደርሱባትም። እንደ ማዳጋስካርና ሞሪሸስ አይደለችም። ሆኖም በግንቦት 2024፣ በፈረንጆቹ ወር መጀመሪያ ላይ፣ ሂዳያ የተባለው አውሎ ነፋስ እስከ ማፊያ ደሴት ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ በዳሬሰላምና በዛንዚባር መካከል ያሉ መርከቦች ቆሙ። ይህ በየዓመቱ የሚሆን አይደለም። ግን ጊዜው በትክክል እርስዎ የሚሄዱበት ሰሞን ነው። መርከብ በቆመ ቀን ፔምባ ላይ ከሆናችሁ የመመለሻ በረራችሁ ያመልጣል፤ የባለቤትዎ ፈቃድም እዚያው ያልቃል። ትንንሽ አውሮፕላኖች አሉ፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። እነሱም ቢሆኑ ሰማዩ ሲከፋ ይዘገያሉ። ፔምባ ደግሞ ኮረብታማና ከኡንጉጃም ይበልጥ ዝናባማ ናት። ሆቴሉ ጥቂት፣ ሕክምናው ውስን ነው። እጅግ የምወዳት ደሴት ናት፤ አራት ዓመት የሆነው ሕፃንና የደም ግፊት ያለባቸው እናት ይዞ በሚያዝያ መሄድን ግን አልመክርም።

ፓጄን ያስወጣሁበት ምክንያት ሌላ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄም ሆነ ጃምቢያኒ፣ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሲጎድል ውሃው እጅግ ርቆ ይሄዳል። ከሆቴሉ በር ላይ ቆመው ሲያዩ ነጭ አሸዋ፣ ትንንሽ ኩሬ፣ በእንጨት ችካል ላይ የታሰረ ገመድ፣ ገመዱ ላይ የባሕር አረም የሚያለሙ ቀሚሳቸውን የሰበሰቡ ሴቶች ነው የሚታየው። ማየቱ ደስ ይላል፤ ለሰዓታት ግን መዋኘት የለም። በእግር ልሂድ ያለ ልጅ ደግሞ ጥቁር እሾሃማ የባሕር ፍጥረት ሊረግጥ ይችላል፤ እሾሁ ተሰብሮ ሥጋ ውስጥ ይቀራል። በዝናብ ወር ፀሐይ የምትወጣው በድንገት ነው። እሷ ስትወጣ ባሕሩ ጎድሎ ከተገኘ ቀኑ ባከነ ማለት ነው። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ውሃው ያን ያህል አይሸሽም። በተለይ ኬንድዋ ወደ ምዕራብ ስለምትመለከት ከኩሲ ነፋስ የተከለለች ናት። ዝናቡ ባባራ ሰዓት ሁሉ ልጆቹን ውሃ ውስጥ ማስገባት የሚችሉት እዚያ ነው። የትም ቢሆኑ የውሃ ጫማ ይግዙላቸው።

ስለዚህ የእኔ ዕቅድ ይህ ነው። ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ሰሜን ሂዱ። መንገዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ ዝናብ ካለ ግን ሊረዝም ይችላል። ኬንድዋ ወይም ኑንግዊ ላይ በአንድ ሆቴል ሰባት ሌሊት እደሩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ስቶን ታውን አድርጓቸው። ይህ ቅደም ተከተል በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ስቶን ታውን ለኤርፖርቱ ቅርብ ነው። በመጨረሻው ቀን መንገድ በጎርፍ ቢዘጋ እንኳ አውሮፕላኑ አያመልጣችሁም። ሰባት ሌሊት አንድ ቦታ ማደርም አይሰለችም፤ ሁለት ቀን በዝናብ ቢሄድ አምስት ይተርፋል። ሁለት ሌሊት ብቻ ያደረ ሰው ግን ሁለቱም ቀን ከዘነበበት ባሕሩን ሳያየው ይሄዳል።

ለዝናባማው ቀን የሚሆን ነገር አለ። የቅመም እርሻ ጉብኝት ካፊያ አያስቀረውም፤ እንዲያውም ሽታው የሚወጣው ያኔ ነው። ለእናትዎ ከሁሉ በላይ የሚሆነው ይህ ይመስለኛል። ዕድሜ ልካቸውን ደርቆ ከገበያ የገዙት ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ እርድና ቁንዶ በርበሬ እንዴት እንደሚበቅል በዓይናቸው ያያሉ። ልጆቹን ጆዛኒ ደን ይውሰዷቸው፤ በዛንዚባር ብቻ የሚገኘው ቀይ ጉሬዛ እዚያ በቅርብ ይታያል። ከስቶን ታውን በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ርቃ ያለችው ቻንጉ ደሴት ላይ ከሲሸልስ የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች አሉ። እዚያ የሚሄዱት ግን ነፋስ በሌለበት ጠዋት ብቻ ነው፤ ደግሞም ጀልባው በልጅ ልክ የተሠራ ላይፍ ጃኬት ካለው። የአዋቂውን አጥብቀን እናስረዋለን ካሏችሁ አትሳፈሩ፤ ውሃ ውስጥ ከአራት ዓመት ሕፃን ላይ ይወልቃል። ወደ ምኔምባ ደሴት የሚደረገውን የመጥለቅ ጉዞ ለዚህ ጊዜ ይተዉት። ከዝናብ በኋላ ውሃው ስለሚደፈርስ ብዙም አይታይም፤ ለትንሹም ልጅ ይከብደዋል። ከባለ ጀልባው ጋር ሲቀጣጠሩ አንድ የሚመች ነገር አለ፤ እዚያም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛ ነው። አንድ ሰዓት ጠዋት ካላችሁ አንድ ሰዓት ጠዋት ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጁ ነው።

ስቶን ታውን ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ ዶፍ ሲወርድ ከየጣሪያው የሚዘንበው ውሃ መንገዱ ላይ ይተኛል፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። እናትዎ መሬት የሚይዝ ጫማ ያድርጉ፤ ነጠላ ጫማ አይሆንም። ሁለተኛው፣ ከተማው ፊት ለፊት ባለው ባሕር ልጆቹ አይዋኙ። የከተማው ፍሳሽ የሚገባው እዚያ ነው፤ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ይብሳል። የአገሬው ልጆች ከግድግዳው ላይ እየዘለሉ ሲገቡ ያያሉ፤ እሱን አይከተሉ።

ስለ ግማሽ ዋጋው ደግሞ። ቅናሹ እውነተኛ ነው፤ ምክንያትም አለው። በሚያዝያና በግንቦት አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሽ ይዘጋሉ። ክፍት የሆኑትም ምግብ ቤታቸውን ወይም አንዱን ሕንፃ ዘግተው ጥገና ያካሂዳሉ። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፦ በዚያ ሳምንት ምግብ ቤቱ ይሠራል ወይ? ግንባታ ወይም ጥገና አለ ወይ? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ወይ? አልጋዎቹ አጎበር አላቸው ወይ? ብንሰርዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ለመጨረሻው ጥያቄ ግልጽ መልስ ያልሰጠ ሆቴል በሩብ ዋጋም ቢሆን ይለፉት።

ወባን በተመለከተ የተነገረዎት አደገኛ ስህተት ነው። ኢትዮጵያዊ መሆን ከወባ አይከላከልም። የተወሰነ የመቋቋም አቅም የሚያገኘው ወባማ አካባቢ ኖሮ ደጋግሞ የተያዘ ሰው ነው፤ እሱም አካባቢውን ከለቀቀ አቅሙ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነች። እዚያ ተወልደው ያደጉት ልጆችዎ ለወባ ልክ እንደ አውሮፓ ልጅ አዲስ ናቸው። በዛንዚባር ወባ በጣም ቀንሷል፤ ግን አልጠፋም፤ ዝናቡ ደግሞ ትንኝ ያራባል። ስለዚህ መከላከያ ክኒን ይውሰዱ። የትኛውን የሚለውን ሐኪም ይወስናል፤ መሠረቱን ግን ይወቁ። ክሎሮኪን እዚያ አይሠራም። ዶክሲሳይክሊን ከስምንት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም፤ ስለዚህ ለትንሹ አይሆንም። አቶቫኮን-ፕሮጓኒል በልጆች ክብደት ተለክቶ የሚሰጥ ነው። ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ ሰባት ቀን ይወሰዳል። እነዚያን የመጨረሻ ሰባት ቀናት «ቤት ገባን» ብሎ ማቋረጥ የተለመደ ስህተት ነው።

ክኒኑ ብቻውን አይበቃም። ዲት ያለበት የትንኝ መከላከያ ቅባት ይያዙ። መጀመሪያ የፀሐይ ቅባቱ፣ ከዚያ በላዩ የትንኙ። ቀን ላይም ይቀቡ፤ ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በቀን ነው። እዚያ ሳላችሁ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አይስጡ፤ ደንጊ ከሆነ ደም ሊያፈሱ ይችላሉ። በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ያስደርጉ። ከተመለሱ በኋላም ለሦስት ወር ያህል ትኩሳት የመጣበት ሁሉ ሐኪሙን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚናገረው ዛንዚባር እንደነበረ ነው። አለበለዚያ አዲስ አበባ ላይ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ የቆየ ወባ ሕፃን ልጅን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ሌላው የሐኪም ጉዳይ የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ይህ ከወባ ጋር አይገናኝም፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ውስጥ ስለሆነች ታንዛኒያ ከእኛ አገር ከሚመጣ ማንኛውም ሰው፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት ጀምሮ፣ ቢጫውን የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። አንዴ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ስለዚህ የድሮ ካርድ ካላችሁ አትድገሙ። ጉዳዩ የሚያሳስበኝ በእናትዎ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ክትባት የሚወስድ ሰው ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ከወጣቱ ይበልጣል። አይከተቡ ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ ሙሉ ጤንነታቸውን አይቶ ይወስን። የማይከተቡ ከሆነ የሐኪም የነጻ ማድረጊያ ጽሑፍ በካርዱ ላይ ሊሞላላቸው ይችላል፤ እሱን መቀበል አለመቀበል ግን የታንዛኒያ ሰዎች ሥልጣን ስለሆነ አስቀድሞ ኤምባሲውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለቤትዎም በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፉ ከሆነ ካርዱን ይያዙ።

የእናትዎ የደም ግፊት መድኃኒት ውሃ የሚያሸና ዓይነት ከሆነ በዚያ ሙቀትና ላብ፣ በተለይ ተቅማጥ ከተጨመረበት፣ ግፊታቸው ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ይህንንም በዚያው ቀጠሮ ያንሱ። መድኃኒቱን ለዘጠኙ ቀንና ለትርፍ አንድ ሳምንት የሚበቃ አድርገው በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከአዲስ አበባ ገዝተው ይሂዱ። የታሸገ ውሃ ጠጡ፤ ጥርሳችሁንም በእሱው ታጠቡ።

ጥቂት የቀሩ ነገሮች አሉ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ የደሴቲቱን የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ይገደዳል። ለአዋቂ 44 ዶላር ተብሎ ነው የወጣው። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አይተካውም፤ በኢንተርኔት አስቀድማችሁ ግዙት። እርጥብ ልብስ በፌስታል መጠቅለል ልማዳችን ነው፤ ታንዛኒያ ግን ከ2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ኤርፖርት ላይ ያስጥሏችኋል። ውሃ የማያስገባ የጨርቅ ቦርሳ ይያዙ።

አሁን ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት። ትኬት ከመቁረጥዎም ቀብድ ከመክፈልዎም በፊት እናትዎን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱ። ጉዞው የሚወሰነው በእሳቸው ክትባት ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ የልጆቹን ክትባትና ክኒን በዚያው ሳምንት ይጨርሱ፤ ከዚያ ኬንድዋ ላይ ሊሰረዝ የሚችል ክፍል ይያዙ፤ ትኬቱን በመጨረሻ ይቁረጡ። ሐኪሙ ለእናትዎ ካልፈቀደ ደግሞ ኤምባሲው በጽሑፍ ይሁንታ እስኪሰጥ ድረስ ምንም አይክፈሉ።